ባለ ሁለት ባልዲው የሴራሚክ ሻማ ማጣሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ውሃ ሲመዘን

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ መሃል ከተማ፣ የቤት ዕቃና የቧንቧ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ይህ ዕቃ አይጠፋም፦ አንዱ ባልዲ በሌላው ላይ የተቀመጠ፣ ከታች ቧንቧ ያለው፣ ውስጡ «ሻማ» የሚባሉ፣ ሻማ የሚመስሉ ነጭ የሴራሚክ ማጣሪያዎች የቆሙበት የውሃ ማጣሪያ። ባልዲው ከማይዝግ ብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። እዚህ የምንመዝነው ባለ ሁለት ሻማውን፣ እያንዳንዱ ባልዲ 8 ሊትር የሚይዘውን ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ የወጣበት ገንዘብ አይቆጭም። ነገር ግን ገዢዎች «ይዘገያል» ብለው የሚያማርሩበት ነገር ዕቃው በደንብ መሥራቱን ያሳያል፤ «የእኔስ ፈጣን ነው» ብለው የሚደሰቱበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ መሹለኩን ያሳያል። ስለዚህ ግዢውም፣ ገጠማውም፣ ጽዳቱም ከዚህ ተነሥቶ ቢታይ ይሻላል።

ሻማው በዓይን ሲታይ ድፍን ነው። ውስጡ ግን እርስ በርስ በተያያዙ፣ በተጠማዘዙ ጥቃቅን መተላለፊያዎች የተሞላ ነው፤ በጥሩ ሻማ ላይ የመተላለፊያዎቹ ስፋት ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ያነሰ ነው። ተቅማጥ ከሚያመጡት ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስያን ጃርዲያ ከ8 እስከ 12 ማይክሮን፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ስለሚሆን ሁለቱም ይቀራሉ። ተቅማጥ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከግማሽ እስከ 2 ማይክሮን ስለሆኑ ከእነሱም እጅግ ብዙው ይቀራል። ቫይረስ ግን ከ0.1 ማይክሮን በታች ስለሚሆን ሊያልፍ ይችላል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ሁሉ፣ ጨውም ፍሎራይድም ናይትሬትም፣ ሳይነካ ያልፋል። ማጣሪያው የጉድጓድ ውሃን ጨዋማነት ያጠፋል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቀበሉት።

የዚህን ዕቃ ጠባይ ሁሉ የሚወስነው አንድ ሕግ ነው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ መጠን የቱቦውን ስፋት በራሱ አራት ጊዜ እንደማባዛት ያድጋል፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው 16 እጥፍ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖይዘይ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ሞክሮ ነው። ሂሳቡን ወደ ማጣሪያው እናምጣው፦ 0.1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት አንዲት ሽንቁር፣ ርዝመታቸው እኩል የሆነ 100 ሚሊዮን ባለ 1 ማይክሮን ቱቦዎች የሚያሳልፉትን ያህል ውሃ ለብቻዋ ታሳልፋለች። በዓይን የማትታይ ስንጥቅ፣ ወይም ሻማው ባልዲው ላይ በሚገጥምበት ጎሚኒ ሥር የገባች የአሸዋ ቅንጣት የከፈተችው ክፍተት፣ ሻማው የሚሠራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች ማለት ነው። ቆሻሻው ውሃ የሚመርጠው ሁልጊዜ ሰፊውን መንገድ ነው።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «በሰዓት ስንት ሊትር ያወጣል?» ብላችሁ አይሁን። «ሻማውና ጎሚኒው ለብቻቸው ይሸጣሉ?» በሉ። መለዋወጫ የሌለው ማጣሪያ የሻማው ዕድሜ ሲያልቅ ተራ ባልዲ ሆኖ ይቀራል። ሻማውን ከካርቶኑ አስወጥታችሁ ብርሃን ላይ እያዞራችሁ እዩ፤ በተለይ ሴራሚኩ ከፕላስቲክ መቀመጫው ጋር የተጣበቀበትን ዙሪያ። ሙጫው ክፍተት የተወበት ወይም አረፋ የያዘበት ከሆነ ሌላ አስመጡ። በጥፍር መታ መታ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ሻማ ደህና ነው፤ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሻጩ «አብሽር፣ ምንም አይሆንም» ቢላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አስቀይሩት።

ሻይ ወይም ቀለም ያለው ውሃ አጣርቶ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ሻጭም አለ። ያ ማሳያ የሚያረጋግጠው ሻማው ውስጥ የታመቀ ከሰል መኖሩን ብቻ ነው። የሻይን ቀለም የሚይዘው ከሰሉ ነው፤ ከሰል የሌለው፣ ፍጹም ጤነኛ ሴራሚክ ሻማ የሻይን ቀለም ያሳልፋል፣ ምክንያቱም ቀለሙ የሟሟ ነው። ሴራሚኩን ራሱን ማየት የሚፈልግ ሰው ቀይ አፈር በውሃ በጥብጦ ያፍስስበት። ከታች ደመና የሚመስል ውሃ ከወጣ ዕቃው ያሾልካል።

ገጠማው ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ጎሚኒው የሚቀመጠው በላይኛው ባልዲ ውስጥ፣ በሻማው መቀመጫና በባልዲው ወለል መካከል ነው፤ ዳዶው ከሥር ይገባል። ሁለቱንም ፊት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዳዶውን በጣት እስኪይዝ አጥብቁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። ፒንሳ አይነካውም፤ የፕላስቲክ ጥርሱ ከተሰነጠቀ ሻማው ሙሉ በሙሉ ተበላሸ። ደግሞም ስታጠብቁ የምትይዙት መቀመጫውን ይሁን፤ ሴራሚኩን ይዞ መጠምዘዝ ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ከገጠማችሁ በኋላ ሻማው ገና ደረቅ ሳለ የሚደረግ፣ ምንም ወጪ የሌለው ፈተና አለ። ላይኛው ባልዲ ውስጥ ውሃ ጨምሩ፣ ግን የፕላስቲክ መቀመጫውን ብቻ እስኪሸፍን፤ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ውሃው ሴራሚኩን መንካት የለበትም። ግማሽ ሰዓት ተዉትና የታችኛውን ባልዲ እዩ። ሴራሚኩ ስላልተነካ ወደ ታች የሚወርድ ጠብታ ካለ የመጣው በጎሚኒው ወይም በባልዲው ቀዳዳ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ፈቱት፣ ጥረጉት፣ እንደገና ግጠሙት። ይህን ፈተና ያላለፈ ማጣሪያ ላይ የሻማ ጥራት ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ሻማውን ለመፈተን ደግሞ የውሃው የራሱ ጠባይ ያግዘናል። ውሃ ንጹሕ የመስታወት ወይም የሴራሚክ ቱቦን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቱቦው በጠበበ ቁጥር ከፍ ብሎ ይወጣል። 1 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቱቦ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 0.1 ሚሊሜትር ባለው 30 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ 1 ማይክሮን ላይ በሂሳብ ሲታይ 30 ሜትር ይደርሳል። የራሰ ሻማ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ውሃ በአየር ገፍቶ ለማስወጣትም ያንኑ የሚያህል ግፊት ያስፈልጋል። ሰው በአፉ በኃይል ሲነፋ የሚፈጥረው ግፊት 1 ሜትር የሚያህል የውሃ ከፍታ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሻማን በደንብ አርሳችሁ፣ አንገቱ (የተጣራው ውሃ የሚወጣበት ጫፍ) ላይ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ፣ ሻማውን ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ ብትነፉ አንድም አረፋ መውጣት የለበትም። አረፋ በአንድ ቦታ ላይ ተከታትሎ ከወጣ እዚያ ስንጥቅ አለ፤ ከሙጫው ዙሪያ ከወጣ መቀመጫው ለቅቋል።

የዚህን ፈተና ወሰንም መዘንጋት አይገባም። በአፍ የሚነፋ ግፊት የሚያጋልጠው ከ30 ማይክሮን ገደማ የሚሰፋ ቀዳዳን ነው። 10 ማይክሮን የሆነ ቀዳዳ አረፋ ሳይሰጥ ያልፋል፣ ባክቴሪያ ግን እንደ ልቡ ይመላለስበታል። ፈተናው ስንጥቅን ይይዛል እንጂ የሻማውን ጥራት አይመሰክርም። «እንግዲያው ግፊት ልጨምር» ብሎ ወደ ጎሚስታ ኮምፕሬሰር መውሰድ ደግሞ አደጋ ነው፤ ሴራሚክ ከውጭ ሲጨመቅ ጠንካራ ነው፣ ከውስጥ ሲነፋ ግን በቀላሉ ይፈነዳል፣ ሙጫውም ይለቅቃል።

አዲስ ሻማ ሲሰቀል «ምንም አያወርድም» የሚባለው በአብዛኛው በታመቀ አየር ምክንያት ነው። ደረቅ ሻማ በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ ውሃው ከሁሉም አቅጣጫ ግድግዳው ውስጥ እየገባ አየሩን መሃል ላይ ይቆልፈዋል። መፍትሔው ለውሃው አቅጣጫ መስጠት ነው። ሻማውን አንገቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በጎድጓዳ ዕቃ አቁሙት፣ ውሃውን እስከ ግማሽ ቁመቱ ብቻ ሙሉ። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ራሱ ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል፣ አየሩንም ከፊቱ እየገፋ ያስወጣዋል። መጀመሪያ ሲታይ ቶሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይዘገያል፤ እጥፍ ርቀት ለመጓዝ አራት እጥፍ ጊዜ ስለሚፈጅበት አትቸኩሉ። ሴራሚኩ እስከ ላይ ሲጠቁር አንገቱን ብቻ ከውሃ በላይ ትታችሁ ሌላውን አጥልቁትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ገጥማችሁ የመጀመሪያውን ሁለት ሙሌት ድፉት፤ ከሰል ያለበት ከሆነ ጥቁር ብናኝ ይወጣል፣ ያ አያስደነግጥም።

አሁን ስለ ፍጥነቱ። አንድ ጤነኛ ሻማ ባልዲው ሙሉ ሲሆን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ቢሰጥ በቂ ነው። ሄንሪ ዳርሲ የተባለው የውሃ መሐንዲስ በፈረንሣይ ዲዦን ከተማ አሸዋ በሞላባቸው ቱቦዎች ሙከራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1856 እንዳሳተመው፣ ባለ ቀዳዳ ነገር ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ከላይ ባለው የውሃ ከፍታ ልክ ይጨምራል፣ በሚያልፍበት ነገር ውፍረት ልክ ይቀንሳል። የላይኛው ባልዲ ውሃ ከ24 ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ከውሃው በላይ የቀረው የሻማው ክፍል እርጥብ ቢሆንም ምንም አያወርድም። ስለዚህ የመጨረሻዋ ሩብ ባልዲ ከመጀመሪያዋ ሩብ እጅግ የበለጠ ጊዜ ትፈጃለች። ማታ ሞልቶ መተኛት፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ ደግሞ መሙላት ለአምስት ሰው ቤተሰብ መጠጥ ይበቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮችም ይኸው ልማድ ከጀሪካኑ ጋር ይስማማል።

የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት የሚገለጠውም እዚህ ላይ ነው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቢሆንም ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ወፈር ይላል፤ 10 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 25 ዲግሪ ላይ ካለው ውሃ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ኮምቦልቻ በሞቃት ቀን በሰዓት 3 ሊትር የሚሰጥ ማጣሪያ፣ ያው ዕቃ፣ ያው ሻማ፣ ደሴ በኅዳር ብርድ ውስጥ ባደረ የጀሪካን ውሃ 2 ሊትር ብቻ ቢሰጥ አልተደፈነም። በብርዱ ወራት «ዘገየ» እያሉ በየሳምንቱ የሚፈትጉት ሻማ በከንቱ ያልቃል። ውሃው ቤት ውስጥ ውሎ ሲለዝብ ፍጥነቱ ከተመለሰ ችግሩ ብርዱ ነበር።

በአጠቃቀም ላይ ከሚገጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ግን ከባድ ነው። ማጣሪያውን በዳንቴል ወይም በጨርቅ ማልበስ ያምራል። ጨርቁ ግን ክር ነው፣ በክሮቹ መካከል ያለውም ክፍተት ቀጭን ቱቦ ነው። የዳንቴሉ ጫፍ በላይኛው ባልዲ ውሃ ውስጥ ከገባና ሌላው ጫፍ በባልዲዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ያልተጣራው ውሃ በክሩ ተስቦ ጠርዙን ተሻግሮ በጸጥታ ወደ ታችኛው ባልዲ ይወርዳል። ማንም አያየውም፣ ድምፅም የለውም። ክዳኑ በትክክል ይገጠም፣ ጨርቁ ከክዳኑ በላይ ብቻ ይሁን፣ ጫፉም ወደ መገጣጠሚያው አይውረድ።

ሌላው የቧንቧው ነገር ነው። የታችኛው ባልዲ ሞልቶ ሳለ ቧንቧው ከከፈቱት በኋላ እየቀጠነ የሚቆም ከሆነ፣ በሁለቱ ባልዲዎች ጠርዝ መካከል የገባ ስስ የውሃ ሽፋን አየር እንዳይገባ ዘግቶታል። የላይኛውን ባልዲ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ ውሃው ወዲያው ይወርዳል። ጠርዙን ማድረቅ ዘላቂው መፍትሔ ነው። የታችኛው ባልዲ ውስጥ 3 ሊትር ቀርቶ ሳለ ላይኛውን እስከ አፉ መሙላት ደግሞ ሌሊቱን ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ 3 እና 8 ሲደመር 11 ነው፣ የታችኛው የሚይዘው 8 ብቻ ነው።

በክረምት የሚመጣው ደፍራሽ ውሃ የሻማው ዋና ጠላት ነው። ጀሪካኑን ሳትነቀንቁ ሌሊቱን አሳድሩት፣ የላይኛውን ክፍል ብቻ በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አሳልፋችሁ ጨምሩ፣ የታችኛውን አራት ጣት ያህል ለአትክልት ተዉት። ይህ ብቻ በሁለት ጽዳቶች መካከል ያለውን ጊዜ በእጅጉ ያረዝማል።

ጽዳቱ ሳሙናም ኦሞም አይነካውም። ቀዳዳዎቹ ሳሙናውን ስበው ያስገቡታል፣ ከዚያ ታጥቦ አይወጣም፣ ውሃውም ለብዙ ቀን ይሸታል። በንጹሕ ውሃ ሥር በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአረንጓዴው ስኮች፣ ከመቀመጫው ወደ ጫፉ፣ እኩል እኩል ፈትጉት፤ አንገቱን በቆሸሸ እጅ አትንኩት፣ ያ የንጹሑ ውሃ በር ነው። ቆሻሻው የሚቀመጠው ላይ ላዩን ስለሆነ ስስ ሽፋኑ ሲነሣ ነጩ ይወጣል። በፈተጋችሁ ቁጥር ግን ግድግዳውም ይሳሳል። ይህን የሚለካ ቀላል ዘዴ፦ አዲሱን ሻማ መሃል ወገቡ ላይ በማይለጠጥ ክር ዙሩት፣ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኝ ቆርጣችሁ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡት። ከጊዜ በኋላ ያው ክር በዚያው ቦታ ሲዞር በ6 ሚሊሜትር ከተደራረበ ግድግዳው 1 ሚሊሜትር ሳስቷል። መደራረቡ 12 ሚሊሜትር ሲደርስ እኛ እንቀይረዋለን፤ ከሻማው ጋር መለኪያ ቀለበት ከመጣ ደግሞ እሱን ተከተሉ። ከሰል ያለበት ሻማ ግን ግድግዳው ወፍራም ቢሆንም የከሰሉ አቅም ቀድሞ ያልቃል፣ እሱንም ፈትጎ መመለስ አይቻልም።

በሻማው የላይኛው ክፍል የሚወጣው ነጭ ዱቄት ሻጋታ አይደለም። ውሃው በግድግዳው ተስቦ ከውሃ ወለሉ በላይ ይወጣና እዚያ ሲተን የሟሟው ጨው ይቀራል። በብሩሽ ይለቅቃል፤ ከጠነከረና ሻማው ከሰል ከሌለው አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጦ ከውጭ በኩል መቀባትና በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል።

ቫይረስ ያልፋል ብለናልና፣ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ማጣሪያው ለብቻው አይበቃም። ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀሙ ሰዎች በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ከታችኛው ባልዲ ውሃ ላይ ይጨምሩት፤ ላይኛው ላይ ከጨመሩት ከሰሉ ክሎሪኑን ይበላዋል። ማፍላት ለሚመርጥ ደግሞ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ኮምቦልቻ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል። አጣርቶ ማፍላት ይሻላል፣ አፍልተው በትኩሱ ካጣሩት ግን ትኩሱ ውሃ ሙጫውን ያለሰልሰዋል።

ከብረቱና ከፕላስቲኩ የቱ ይሻላል ለሚል፦ ማጣራቱ ላይ ልዩነት የለም፣ ሻማው ያው ነው። የብረቱ ባልዲ ወለል ስለማይታጠፍ ጎሚኒው እኩል ይጫናል፤ ስሱ ፕላስቲክ 8 ሊትር ውሃ ሲሸከም መሃሉ ስለሚጎብጥ ከወራት በኋላ ያሾልካል። በጀት ካነሰ ወፍራሙን ፕላስቲክ ግዙ፣ በተረፈው ሁለት መለዋወጫ ሻማና አራት ጎሚኒ ጨምሩ። ቤት ዘግታችሁ ለሳምንታት ስትሄዱ ሻማውን ፈትታችሁ፣ ፈትጋችሁ፣ አየር በሚያገኘው ጥላ ቦታ እስኪደርቅ አቁሙት፤ በላስቲክ የታሰረ እርጥብ ሻማ ሲፈታ ይሸታል። ስትመለሱ ያንኑ የግማሽ ቁመት ውሃ አሰጣጥ ከመጀመሪያው ድገሙት፤ የደረቀ ሻማ እንደ አዲስ አየር ይዟልና።